ሻምሮክ ማተም ይበቃል? በአይሪሽ ሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የተነሳ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ቦስተን የምትኖር ሙሽራ ናት። እሷም እጮኛዋም የዘር ሐረጋቸው ከአየርላንድ ነው። የእሷ ወገን በ1880ዎቹ ከምዕራብ አየርላንድ፣ ከሜዮ ካውንቲ ተሰዶ የመጣ ነው። የእሱ ደግሞ ከሰሜን፣ ከአንትሪም። ሠርጉ ቦስተን ነው፤ ከአየርላንድ የሚመጡ ዘመዶችም አሉ። የጥሪ ካርዳቸው ይህን ነገር እንዲያሳይ ትፈልጋለች። ግን የአይሪሾቹ በዓል፣ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ እንዳይመስልባት ሰግታለች። ሦስት ናሙና አያይዛለች። አንዱ አረንጓዴ ሻምሮክ፣ ያ የአየርላንድ ምልክት የሆነው ትንሽ ቅጠል፣ የተዘራበት ነው። ሁለተኛው በወርቅማ ቀለም የክላዳ ቀለበት የታተመበት። ሦስተኛው ላይ አንድ ትልቅ የኬልቲክ መስቀል ገጹን ሙሉ ይዞታል። የቱ ይሻላል ነው ጥያቄዋ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የጥሪ ካርድ ዲዛይን እሠራለሁ፤ እንዲህ ያለ ክር ሳገኝ ዝም ብዬ አላልፍም። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ግን አሜሪካ ውስጥ ዘሬ አይሪሽ ነው የሚለው ከ30 ሚሊዮን በላይ ነውና አንዳንዱ እኔም ጋ ብቅ ይላል። ይህን ክር እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ግን ለሥራ ብቻ ብዬ አይደለም። ጭቅጭቁ ይጥም ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

1ኛው ምላሽ የእንኳን ደስ ያለሽ ነው። ሰውየው ሻምሮኩን ወዶታል፤ ማንም ሰው አይቶ ወዲያው ይገባዋል ብሏል። 2ኛዋ በዚህ ተስማማች፣ ከዚያ ግን ቅጠሎቹን እንድትቆጥር መከረቻት። ናሙናው ላይ ያለው ባለ አራት ቅጠል ነበር! ሻምሮክ ሦስት ቅጠል ነው። ቅዱስ ፓትሪክ ሥላሴን አስተማረበት የሚባለውም ሦስት ስለሆነ ነው። ባለ አራቱ የዕድል ምልክት ነው እንጂ የአየርላንድ ምልክት አይደለም። ይህ ነገር በየማተሚያ ቤቱ አለ። ዝግጁ ሥዕል የሚሸጡ ድረ ገጾች ሁለቱን አደባልቀው ያስቀምጣሉ፤ ዲዛይነሩም ሳይቆጥር ያወርደዋል።

3ኛዋ የክላዳ ቀለበት ወገን ናት። እናቷ ከጣቷ አውልቃው አታውቅም። ሁለት እጅ አንድ ልብ ይዘው፣ ልቡ ላይ ዘውድ ተደፍቷል። እጆቹ ወዳጅነት፣ ልቡ ፍቅር፣ ዘውዱ ታማኝነት ነው። ስሙ የመጣው ጎልዌይ አጠገብ ከነበረው ክላዳ ከሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የሚወራውንም ታሪክ አስገባችው። ሪቻርድ ጆይስ የሚባል የጎልዌይ ልጅ በባሕር ወንበዴዎች ተማርኮ ሰሜን አፍሪካ ለባርነት ተሸጠ። እዚያ የወርቅ ሥራ ተማረ። ነፃ ሲወጣ አገሩ ተመለሰና ይህን ቀለበት ሠራ ይባላል። 4ኛው መላሽ በትሕትና አረማት። ሁለት እጅ የተጨባበጡበት ቀለበት ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ነበረ፤ ጆይስ ከባዶ የፈጠረው አይደለም አላት። 5ኛዋ ደግሞ ማንም ያላሰበውን ጠየቀች። ቀለበቱ የጎልዌይ ነው። ሜዮ ለጎልዌይ ጎረቤት ስለሆነች ሙሽራዋን ይመለከታታል እንበል። የአንትሪሙ ሙሽራስ ምን አገናኘው?

ለጥያቄው ያኔ መልስ የሰጠ የለም። ኋላ ላይ ግን ክሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የተመለሰው።

6ኛዋ ደብሊን አጠገብ የምትኖር ነርስ ናት። ስለ መስቀሉ ተናገረች፣ በጣም ተጠንቅቃ። ያ ክብ ያለበት መስቀል መልኩ እንደሚያምር አመነች። ነገር ግን አየርላንድ ውስጥ ሰው በብዛት የሚያየው መቃብር ላይ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ፎቶውንና ጸሎት ያለበትን ትንሽ የመታሰቢያ ካርድ አሳትሞ ያድላል፤ ያ ካርድ ላይም ይኸው መስቀል አይጠፋም። እንዲህ ያለ ካርድ በፖስታ የደረሳት አክስት ፖስታውን ስትከፍት መጀመሪያ የምታስበው ማን ሞተ ብላ ነው። 7ኛው ምላሽ የራሷ የጠያቂዋ ነው። ሳቀች፣ አመሰገነች፣ ሦስተኛውን ናሙና ሰረዘችው።

እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። 8ኛው መላሽ የቀለም ነገር አነሳ፣ አለቀ። ሐሳቡ ቀና ነው። ክሬም ወረቀት ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካን ሪባን ይታሰር፣ ባንዲራው ይታያል። 9ኛዋ ከቤልፋስት ናት። ሪባኑን ከመግዛቷ በፊት የሙሽራውን ቤተሰብ እንድትጠይቅ ለመነቻት። ምክንያቷንም ዘረዘረች። ባንዲራውን ቶማስ ፍራንሲስ ማር በ1848 ዋተርፎርድ ከተማ ላይ ሰቀለው። አረንጓዴው የካቶሊኩና የብሔርተኛው ወገን ነው። ብርቱካኑ የፕሮቴስታንቱን ንጉሥ፣ የኦሬንጁን ዊሊያም፣ ደጋፊ የነበረው የፕሮቴስታንቱ ወገን ነው። ነጩ በሁለቱ መካከል ሰላም ይሁን ማለት ነው። ሐሳቡ እርቅ ነበር። ሰሜን አየርላንድ ላይ ግን ባንዲራው የአንዱ ወገን ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በየዓመቱ ጁላይ 12 በብርቱካን መታጠቂያ አደባባይ የሚወጡት ሰዎች ያን ሪባን እንደ እርቅ አያዩትም።

10ኛው ይህን ሲያነብ ተናደደ። ሠርግ ሠርግ ነው፣ ሪባን ውስጥ ፖለቲካ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያውም መጠራት የለበትም ባይ ነው። 11ኛዋ ለእሱ ነው የመለሰችው፣ አንጀቷ እርር ብሎ። እሷ ሠርግ ላይ ወንበር ባዶ የቀረው በዚሁ በቀለም ምክንያት ነው። ቀልድ የሚመስለው ላልደረሰበት ነው አለች። 10ኛው ተመልሶ አልመጣም።

12ኛው ረጋ ያለ ሰው ነው። ከጭቅጭቁ ሁሉ የወደድኩት የእሱን ነው። ሰው ሁሉ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል እንጂ የአየርላንድ የድሮ ቀለም ሰማያዊ ነው አለ። በ1783 የተቋቋመው የቅዱስ ፓትሪክ የክብር ማኅበር ቀለሙ ሰማያዊ ነበር። የአገሪቱ አርማ ዛሬም ሰማያዊ መደብ ላይ የወርቅ ሃርፕ፣ ማለትም በገና መሳይ የክር መሣሪያ፣ ነው። የፕሬዚዳንቱ ባንዲራም እንደዚያው። ስለዚህ ጥቁር ሰማያዊና ወርቅ አይሪሽም ነው፣ ማንንም አያስከፋም፣ ለሠርግም ያምራል። 13ኛዋ አንድ ነገር ጨመረች። በድሮው እምነት አረንጓዴ የተረት ፍጡራኑ፣ የፌሪዎቹ ቀለም ስለሆነ ለሙሽራ ገደቢስ ነው የሚሉ ነበሩ። አያቷ ለሠርግ አረንጓዴ የሚባል ጨርቅ እቤት አታስገባም ነበር።

ጠያቂዋ 14ኛ ላይ ብቅ አለች። እጮኛዋን ጠይቃዋለች። ቅድመ አያቱ የኦሬንጁ ማኅበር፣ የእነዚያ ጁላይ 12 የሚወጡት ፕሮቴስታንቶች ማኅበር፣ አባል ነበሩ፤ የታጠቁት መታጠቂያ አሁንም ኮሞዲኖ ውስጥ አለ። እስከዛሬ አንድም ቀን አልነገራትም። ሪባኑ በዚሁ ቀረ። ከሠርጉ በፊት መታወቁ ደግ ነው እላለሁ እኔ። የእኛን አገር ሽማግሌ ብንልክበት ይህን በመጀመሪያው ቀን ያወጣው ነበር።

ሰማያዊና ወርቅ ሲባል ሃርፕ መነሳቱ አይቀርም። በ15ኛው ምላሽ አንዱ የመንግሥቱን ሃርፕ እንዳለ ቀድታ እንዳትለጥፈው አስጠነቀቃት። የመንግሥት ዓርማ ነው፤ ማንም እንደፈለገ አያትመውም። ቀጥሎ ወደ ጊነስ ቢራ ሄደ። ጊነስ ሃርፕን ጠርሙሱ ላይ ያደረገው በ1862 ነው፤ የንግድ ምልክት አድርጎ ያስመዘገበው በ1876። አገሪቱ እንደ መንግሥት ስትቆም ሃርፑ ቀድሞ ቢራው ላይ ነበር። ስለዚህ የመንግሥቱ ሃርፕ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን አዙሮ ተሣለ። በተሳሳተ አቅጣጫ ካተምሽው እንግዳው ሁሉ ቢራ ነው የሚያስበው ሲል ጨረሰ። 16ኛው ለመሆኑ ቢራው በነፃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ምላሽ ስለ መጠጥ ብቻ ነው፤ ዘልዬዋለሁ።

20ኛው የደብሊን ሰው ነው። አጻጻፉ እንደ ጥፊ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበው ተናገረ። አሜሪካኖች አያታቸው ጥለውት የሄዱትን አገር በሻምሮክና በቀለበት ሊገዙት ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ ካርድ ደብሊን ሲደርስ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ለሳቅ ነው አለ። ፕላስቲክ ፓዲ የምትለዋን ስድብም ጨመረባት። አገር ቤት ያሉት አይሪሾች የውጭውን አስመሳይ ሲሉ የሚጠሩበት ነው።

ወዲያው እሳት ተነሳ። 21ኛዋ ቺካጎ ነው የምትኖረው። መልሷ ረጅም ነው፣ ግን ቁጣዋ መሠረት ነበረው። ከ1845 እስከ 1852 በነበረው የድንች ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ከዚያም በኋላ መንገዱ አልተዘጋም፤ ሜዮን የመሰለ ምዕራቡ ለብዙ ዓመት ሰው ሲልክ ኖረ። እነዚያ ሰዎች አገራቸውን ጥለው አልሄዱም፣ አገራቸው ናት የጣለቻቸው። ልጆቻቸው የያዙት ቀለበትና ሻምሮክ ብቻ ከሆነ፣ መርከቡ ላይ ይዘው የወጡት ያን ያህል ብቻ ስለነበረ ነው። 22ኛውም ደብሊን ነው። ስለ አገሩ ልጅ ይቅርታ ጠየቀና 20ኛውን እናቱ ብትሰማ እንደምታፍርበት ነገረው። 23ኛው የመድረኩ አወያይ ነው፣ አፍ እንዲሰበሰብ አሳሰበ።

24ኛ ላይ ሰውየው ተመለሰ። ይቅርታ አላለም። ግን ክሩን ሙሉ የሚያዋጣ ነገር የተናገረው እሱ ነው። አየርላንድ ውስጥ አንድ ሰው ካንተ ጋር ሲተዋወቅ ስለ ቀለበት አይጠይቅህም፤ ወገኖችህ ከየት ናቸው ነው የሚልህ። ካውንቲህን ትነግረዋለህ። ቀጥሎ ደብሩን ይጠይቃል። ቀጥሎ ታውንላንዱን። ታውንላንድ የመጨረሻዋ ትንሿ የመሬት ክፍል ናት፤ በመላው ደሴት ከ60 ሺ በላይ አሉ። አንዳንዷ ጥቂት ቤት ብቻ ነው ያላት፣ ስም ግን አላት። ካርዱ ላይ የታውንላንዷ ስም ቢኖር ማንም ደብሊን ላይ አይስቅም፤ የዚያ አገር ሰው ካለ ስልክ ያነሳል አለ። እኔ እዚህ ጋ ሳነብ ቆም አልኩ። አገርህ የት ነው ተብሎ ጎንደር ሲል ጎንደር የት፣ ደብረ ታቦር ሲል ደብረ ታቦር የት እየተባለ እስከ ቀበሌው የሚመረመር የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም።

25ኛዋ ምክሩን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው መሰለኝ። ቦታውን ትታ የአያት ስም ጋሻ፣ ማለትም የቤተሰብ ዓርማ ይታተም አለች። የቱሪስት ሱቆች ውስጥ በየስሙ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። 26ኛው ይህን አልታገሰም። ዓርማ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ነው፤ ያ ስም ላለው ሁሉ የሚታደል አይደለም። አየርላንድ ውስጥ ይህን የሚመለከተው የዋና ዓርማ ሹሙ መሥሪያ ቤት ነው። በ1943 በአሮጌው የእንግሊዝ ዘመን ሹመት ቦታ ተተክቶ የቆመ ሲሆን ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ነው። ስምሽ ያ ስም ስለሆነ ብቻ የሌላ ሰውን ጋሻ ካርድሽ ላይ ማተም የሌላ ሰው ፊርማ መፈረም ነው አላት። ትንሽ አበዛው። ሱቆቹን እንጂ እሷን ማስደንገጥ አልነበረበትም።

27ኛዋ በምዕራብ አየርላንድ ካሉት የአራን ደሴቶች የመጣው የአራን ሹራብ ጥለት ወረቀቱ ላይ በጫና እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበች። በንክኪ ደስ ይላል፣ እውነቷን ነው። ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጥለት ነበረው፣ ባሕር የወሰደውን ሰው በሹራቡ ነበር የሚለዩት አለች። 28ኛው ልቧን ሰበረ። ያ ነገር የመጣው ከአንድ የ1904 ተውኔት ነው፤ እዚያ ውስጥ የሰመጠ ሰው የሚታወቀው በካልሲው ጥልፍ ነው። ነጋዴው ከዚያ ወስዶ ሹራብ ሸጠበት። ጥለቱ ያምራል፣ ይታተም። ታሪኩ ግን ከካርዱ ጀርባ አይጻፍ።

ዳንቴል ያነሳችው 29ኛዋ ከዚህ የተሻለ ነገር ይዛ መጣች። በረሃቡ ጊዜ በ1847 ሞናሃን ካውንቲ ውስጥ ክሎኒስ በምትባል ከተማ የቄስ ሚስት የሆነች ሴት የዳንቴል ሥራ አስጀመረች። ችግረኛ ሴቶች በኪሮሽ ሠርተው ገንዘብ አገኙበት። ጽጌረዳና ሻምሮክ የሚመስሉ ቁርጥራጮች ለየብቻ ይሠሩና በቀጭን መረብ ይገጣጠማሉ። ያን ጥለት በሌዘር ቆርጦ የካርድ ሽፋን ማድረግ ይቻላል። እኔ እንደ ሠሪ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። የሌዘር ቁርጥ በወፍራም ወረቀት ካልሆነ ጠርዙ ፖስታው ውስጥ ይቀደዳል። ነጭ ከሆነም ጨረሩ ዳሩን ቡናማ ያደርገዋልና ናሙና ሳታዩ ሙሉውን አታዙ።

30ኛው ስለ ፊደል ነው። የኬልስን መጽሐፍ አነሳ። 800 ዓ.ም. አካባቢ መነኮሳት በጥጃ ቆዳ ብራና ላይ የጻፉት ወንጌል ነው። 680 ገጽ አለው፤ ዛሬ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ይገኛል። የገጾቹ መጀመሪያ ፊደሎች እርስ በርስ በተጠላለፈ ጌጥ ያበዱ ናቸው። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ አይደናገጥም፤ ሐረግ ነው። የእኛ ጸሐፊዎች በብራና ራስጌ ላይ የሚስሉት ሐረግ ከአይሪሾቹ ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን ዓይን ላይ አንድ ዓይነት ነው። ዓድዋ አጠገብ የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ደግሞ በካርቦን ሲመረመሩ ከኬልሱ መጽሐፍ በመቶዎች ዓመት የሚቀድሙ ሆነው ነው የተገኙት። ሰውየው የፈለገው ጽሑፉ በሙሉ በዚያ በጥንቱ ክብ ክብ ፊደል እንዲሆን ነው። 31ኛዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። የሰባ ዓመት አያት ሰዓቱን እንዴት አድርጋ ታነበዋለች? መፍትሔዋም ጥሩ ነው። የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያጊጥ፤ ቀሪው ማንም በሚያነበው ፊደል ይጻፍ። እኔም ደንበኞቼን የምለው ይህንኑ ነው። ካርዱ ስንት ሰዓት የት እንደሚኬድ ካልተናገረ ጌጡ ለምን ይሆናል?

32ኛው ኦጋም የሚባለውን የጥንት ጽሕፈት አመጣ። በድንጋይ ጠርዝ ላይ በጭረት የሚቀረጽ ነው፤ ወደ 400 ድንጋይ ያህል ተርፏል፣ የሚበዛውም ደቡቡ ላይ፣ ኬሪና ኮርክ ውስጥ ነው። የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ስማቸው በካርዱ ጠርዝ እንዲህ ቢወጣ ቀጭን ጌጥ ይመስላል፣ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይነበባል። ድንጋዮቹ ላይ የተጻፈውም የሰው ስም ነው፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ። የሚቃወም አልተገኘም። በዚህ ክር ውስጥ ይህ ብርቅ ነው።

የአይሪሽ ቋንቋ ይግባ አይግባ የሚለው ከ33 እስከ 36 ድረስ ሄደ። አንደኛዋ ጥሪው ሙሉ በሙሉ በአይሪሽ እንዲሆን ፈለገች። ሌላው የ2022ን ቆጠራ ጠቀሰ። አይሪሽ እችላለሁ ያለው 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን ወደ 72 ሺ ብቻ። ከደብሊን የሚመጡት ዘመዶችም ቢሆኑ ሁሉም አያነቡትም። አንድ መስመር በአይሪሽ፣ ቀሪው በእንግሊዝኛ ይበቃል ተባለ። መስመሯንም ለኮምፒውተር ትርጉም እንዳትሰጥ ለመኗት። 36ኛው የማተሚያ ቤት ሰው መሆን አለበት። ከአናባቢዎቹ በላይ የምትሰመረዋ ጭረት የሌላት ፎንት እንዳትመርጥ አሳሰባት። ሙሽራው ስሙ ሾን ከሆነና ጭረቱ ከወደቀ ቃሉ አሮጌ ማለት ይሆናልና ካርዱ ሙሽራውን ሽማግሌ አድርጎ ይጠራዋል። ማተሚያ ቤቱ ጭረቱን ቆሻሻ መስሎት ሲያጠፋው አይቷል። አምናለሁ። እኔም ዘንድ የኛን ሁለት ነጥብ አቧራ ነው ብሎ የሚያጸዳ ሠራተኛ ነበረ።

37ኛዋ ጥያቄውን በደንብ ሳታነብ ነው የገባችው። ሠርጉ አየርላንድ ውስጥ መስሏት፣ ለመዝጋቢው የሦስት ወር ማስታወቂያ ሳይሰጥ ቀን እንዳይታተም አስጠነቀቀች። ቦስተን ነው ተባለች። ይቅርታ ጠየቀች፤ በዚያው ግን ከሁሉም የሚጠቅመውን ዝርዝር ነገር ጣል አድርጋ ሄደች። ቀኑን በቁጥር ብቻ እንዳትጽፍ፤ አሜሪካ ወሩን ያስቀድማል፣ አየርላንድ ቀኑን፤ 6/7 ተብሎ ቢታተም ግማሹ እንግዳ በወሩ ሊሳሳት ነው። መልስ መላኪያው ፖስታ ላይ የአሜሪካ ቴምብር ለጥፋ ወደ አየርላንድ እንዳትልክ፤ ከዚያ ሲመለስ አያገለግልም፤ ለእነሱ የኢሜይል አድራሻ ይሻላል። የገጠር ዘመዶችን ኤርኮድ ትጠይቅ፤ በ2015 የተጀመረ ባለ ሰባት ፊደልና ቁጥር የፖስታ ኮድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው። የሰም ማኅተምም በየፖስታው ላይ እንዳታደርግ፤ ማሽኑ ውስጥ ስለማያልፍ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተጨማሪ ያስከፍላል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ፖስታም እንደዚያው ነው።

38ኛው ከዚያ ወደ ማታው ግብዣ ሄደ። አየርላንድ ውስጥ ከምሳው በኋላ ለጭፈራው ብቻ የሚጠራ እንግዳ አለ፤ ለእሱ የተለየ ካርድ ይታተማል። ቦስተን ያሉት ይህን ሲሰሙ ስድብ መሰላቸው። ሰውን ጠርቶ ምግብ አለመስጠት! ደብሊኖቹ ደግሞ እንዲህ ካልተደረገ መንደሩን ሁሉ በምን አቅም ሊያበሉት ነው አሉ። እኔ ከቦስተኖቹ ጋር ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሳይበላ የሄደ እንግዳ ለዓመት ይነሳል። 39ኛዋ ዝናብ እንዳይዘንብ የፕራጉን ሕፃን፣ ማለትም የሕፃኑን ኢየሱስ ትንሽ ሐውልት፣ ሠርጉ ዋዜማ ሌሊት ውጭ ማሳደር እንደሚገባ ነገረቻቸው። 40ኛው የአክስቱ ሐውልት አንገቱ የተሰበረ ስለሆነ ይበልጥ ይሠራል አለ። ስለዚሁ ሐውልት አምስት ምላሽ ተጻፈ፣ አወያዩም ተስፋ የቆረጠ ይመስላል።

46ኛው ግን ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። 24ኛው የጣለውን ሐሳብ አነሳና ታውንላንዱን እንዴት እንደሚያገኙት አስረዳ። ረሃቡ ሳያበቃ ተጀምሮ ከ1847 እስከ 1864 ድረስ ሪቻርድ ግሪፊዝ በመራው የመሬት ግምት እያንዳንዱ ባለ ቤት በየታውንላንዱ ተመዝግቧል። በ1880ዎቹ የተሰደደ ሰው አባቱ ወይም አያቱ እዚያ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራም በነፃ በኢንተርኔት ይታያል፤ እዚያው የቀሩ ወንድምና እህቶች ካሉ እዚያ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ቆጠራ አብዛኛው የለም። ከፊሉን መንግሥት ራሱ አስወግዶታል፣ ቀሪው በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ያለው መዝገብ ቤት ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ካርታ ግን አለ። ከ1829 እስከ 1842 አገሪቱ በሙሉ ለአንድ ማይል መሬት ስድስት ኢንች ካርታ በሆነ ልክ ተለካች፤ ማሳው፣ ጎጆው፣ ጉድጓዱ ሳይቀር ተሣለ። ከረሃቡ በፊት የነበረው መንደር እዚያ ላይ ነው ያለው።

ጠያቂዋ ለጥቂት ቀን ጠፍታ 49ኛ ላይ ተመለሰች። በግምቱ መዝገብ የቅድመ አያቷን አባት አግኝታቸዋለች፤ ሜዮ ውስጥ በአንዲት ታውንላንድ፣ ቤትና ትንሽ ማሳ ተከራይተው። የእሱን ወገን አንትሪም ውስጥ ያገኙት በ1911 ቆጠራ ነው። ምርጫዋንም ነገረቻቸው። ካርዱ ክሬም፣ ጽሑፉ ጥቁር ሰማያዊ። ስማቸው ላይ ሁለት ያጌጡ ፊደሎች። ከሥር አንድ የአይሪሽ መስመር፣ ለሚያነብ ሰው አሳይታ ያረመችው። ሻምሮክ የለም፣ ሃርፕ የለም። የፖስታው የውስጥ ገበር ላይ ግን የሁለቱ ታውንላንድ አሮጌ ካርታ ጎን ለጎን ይሆናል፣ ስማቸው በሚነበብ መጠን። ክላዳውን ለቀለበቱ ትታዋለች፤ ካርድ ላይ አያስፈልግም።

5ኛዋ፣ ያች የሙሽራውን ነገር የጠየቀችው፣ ደስ ብሏት ጻፈች። 36ኛው ደግሞ እንደተለመደው ሥራውን አልረሳም። የድሮ ካርታ መስመሩ ፀጉር ስለሚያክል በአነስተኛ ጥራት ከወረደ ይደበዝዛል፤ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ታውርድ፣ የመጠቀም ፈቃዱንም ካርታውን ካወጣው ድረ ገጽ ላይ ታንብብ። ሙሉውን ከማሳተሟ በፊትም ለሁለት ፖስታ ብቻ አሳትማ ትየው ተባለ። 20ኛው የደብሊን ሰውም የሜዮዋን ታውንላንድ ስም ጠየቃት። ነገረችው። የሚስቱ ወገኖች ከዚያ ማዶ ካለው ደብር ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤትና ስለ አንድ ድልድይ ብቻ ሲያወሩ ነበር፤ 57ኛ ላይ አንዱ ለሠርግ ባንድ ስንት ይከፈላል ብሎ እስኪያቋርጣቸው ድረስ።